መኪናውን ማን ነካ?

ባለፈው ሰሞን ልጄ ቦሌ ካለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ወንበሩ እንደ አልጋ ይዘረጋል፤ ከላይ ያለው መብራት ዓይን ያጠፋል። ሐኪሟ ገና ልጅ ናት፣ እጇም ቀላል ነው። አፌን አስከፍታ የላይኛውን ረድፍ ስታይ ቆየችና ቆም አለች።

«አባባ፣ እነዚህን የፊት ጥርሶች በሽታ አይደለም የነቀላቸው። አጥንቱም ተሰንጥቆ ነው መልሶ የገጠመው። መኪና ገጭቶዎት ነበር እንዴ?»

«የለም ልጄ» አልኳት። «ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሄጄ ነው።»

ሳቀች። መሣሪያ የምታቀብላትም ልጅ ሳቀች። እኔም ባፌ ጥጥ ይዤ እንደሚሆነው አድርጌ አብሬ ሳቅሁ። አልፈርድባቸውም። የራሴ ልጅ የመጀመሪያ ሥራዋን ልትጠየቅ ስትሄድ አስታውሳለሁ፤ ከጓደኛዋ ጋር መስታወት ፊት ቆመው፣ አንዷ ጠያቂ አንዷ ተጠያቂ እየሆኑ፣ በሳቅ ሲንፈራፈሩ ነበር ያመሹት። ዝግጅት ማለት ለነሱ እሱ ነው። የኔ ግን ሌላ ነበር። ዛሬ የማወራው ስለዚያ ነው።

ነገሩ የሆነው ደርግ ወድቆ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት በኋላ ነው። ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ከስልጤ አገር መጥቼ ሾላ ገበያ ተሸካሚ ሆኜ ነበር። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቀረ ያለኝ ጀርባዬ ብቻ ነው። የያኔው ሾላ ክረምት ላይ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ የበሰበሰ ሽንኩርት ሽታ ልብስ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ ደግሞ ሁሉም ነገር አቧራ ይሆናል፣ በርበሬው፣ ጤፉ፣ ሰውም ሳይቀር።

የሾላ ተሸካሚ አንድ ሕግ ነበረው። ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም። የሽንኩርት ወይም የድንች መኪና ሲመጣ፣ ገና ሳይቆም ሮጦ ጎኑን በመዳፉ ቀድሞ የመታ ሰው ጭነቱ የሱ ነው። ሹፌሩ አይከራከርም፣ ባለንብረቱም አይመርጥም። አብረውት የሚያወርዱትን የሚጠራውም እሱ ነው። «መንካት» እንለዋለን። ጠዋት ስንገናኝ «እንዴት አደርክ» ከማለት ይልቅ «ነካህ?» እንባባል ነበር።

ሲወራ ቀላል ነው፣ ሲሠራ ግን ደም ነው። መኪናው ከመገናኛ በኩል ሲታጠፍ ገና ድምፁን ሰምቶ ሰው ሁሉ ይነሣል። ክርን አለ፣ ጠለፋ አለ፣ ከኋላ ሸሚዝ ይዞ ወደ ጭቃ መወርወር አለ። ጆንያ የምንስብበት የብረት መንጠቆ አንዳንዴ ጆንያውን ስቶ የሰው ሥጋ ያገኛል። አንድ ያገሬ ልጅ ሊነካ ሲዘረጋ ሰው ገፍቶት የኋላ ጎማ እግሩን በላው። እሱን ወደ ዳር ስንጎትተው እንኳ ከበስተኋላችን «እኔ ነኝ የነካሁት!» «አንተ ውሸታም፣ እኔ ነኝ!» የሚሉ ሁለት ሰዎች አንገት ለአንገት ተናንቀው ነበር።

የዚህ ሕግ ንጉሥ ወልዴ ነው። ከሆሳዕና በኩል የመጣ፣ አንገትና ትከሻው አንድ የሆነ ሰው። ወልዴ ሲጣላ ቡጢ አይጠቀምም። ኮሌታህን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ራሱ ይስብሃል፣ ግንባሩን ደግሞ ወደ አንተ ይልካል። ቴስታ እንለዋለን። ድምፁ ቅል ድንጋይ ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ዓይነት ነው። ስንቱ አፍንጫ እዚያ ግንባር ላይ አለቀ መሰላችሁ።

እኔ ሰው መምታት አልወድም። ፈሪ ነበርኩ እንኳ አልልም፤ እጄ የሰው ገላ ላይ ሲያርፍ ሆዴ ይገለበጣል፣ ተፈጥሮዬ ነው። ስለዚህ ነክቼ አላውቅም። የምበላው ሌላው ነክቶ ሲጠራኝ ነው። ወልዴ ይጠራኝ ነበር፤ ብዙ ተሸክሜ ስለማላወራ። «ና አንተ ግመል!» ይለኛል። እሄዳለሁ። ሳልነካ የበላሁትን ያህል ግን ዱላውም ሳልነካ ይደርሰኛል፤ ሩጫው ውስጥ ቆመህ ብትገኝ እንኳ አንዱ ገጭቶህ፣ ሌላው ረግጦህ ያልፋል። ማታ ማታ ጎኔን በጨው ውኃ ስተኩስ «ይሄ ነው እንግዲህ ኑሮ?» እላለሁ።

እትዬ ብርቄ የምትባል ሽንኩርት በጅምላ የምታከፋፍል ሴትዮ ነበረች። አንድ ቀን ከመጋረጃዋ ኋላ ጠራችኝና ግራ ቀኝ አየች።

«ሸምሱ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ግን ለማንም እንዳትተነፍስ!»

«ኧረ በአላህ!»

«ወንድሜ ቦሌ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ካለ የጭነት ድርጅት ሹፌር ነው። ተሸካሚ ሊቀጥሩ ነው። ቋሚ። ቱታ ሁሉ ይሰጣሉ። ሐሙስ ጠዋት ሂድና ተጠየቅ።»

«ምን ብለው ነው የሚጠይቁኝ?»

«እኔ ምን አውቄ! ቃለ መጠይቅ ነው የሚባለው።»

«እዚያስ መኪና ሲመጣ ማን ነው የሚነካው?»

ሳቋን ለቀቀችው። «ሞኝ! እዚያ ደመወዝ ነው፤ ነካህ አልነካህ ትበላለህ።»

ያን ቀን ድንች ስሸከም ዋልኩ፤ ጆሮዬ ውስጥ ግን ይህ ቃል ብቻ ነበር። ነካህ አልነካህ ትበላለህ። እንዲህ ያለ አገር እንዳለ አላውቅም ነበር። ሥራውን እንደዚያ የፈለግሁት ለገንዘቡ ብቻ አይደለም። ሰው ሳልመታ፣ ሰውም ሳይመታኝ ውዬ የምገባበት አንድ ቀን ናፍቆኝ ነው።

ቃለ መጠይቅ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ከሰፈሩ አንድ ሰው ብቻ አገኘሁ። ጋሽ ደምሴ፣ ጎረቤቴ። በደርግ ጊዜ አሥር አለቃ ነበር፤ ጦሩ ሲበተን ካምፕ ገብቶ፣ ከዚያ ወጥቶ መገናኛ አካባቢ ጎሚስታ ሆኖ ጎማ ይለጥፋል። ጉዳዬን ስነግረው ጢሙን እያሻሸ ሰማኝ።

«ቃለ መጠይቅ ማለት ምርመራ ነው» አለኝ። «አንዱ ተቀምጧል፣ አንዱ ቆሟል፣ የተቀመጠው የቆመውን ይጠይቃል። ሌላ ምንም አይደለም። እኔ ደግሞ ስንት ጊዜ ተመርምሬአለሁ። በል ከነገ ጀምሮ ከሥራ ስትመለስ ና።»

በማግስቱ ስሄድ ጋሽ ደምሴ አሮጌ ጎማዎች ደራርቦ ላያቸው ላይ ተቀምጧል። እጁ ላይ ከከመነዳሪ፣ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ የተቀደደ ረጅም ጎማ አለ። እኔን ፊቱ አቆመኝ።

«ስም!»

«ሸምሱ እባላለ...»

ጎማው ጭኔ ላይ ጮኸ። ቆዳዬን የላጠው መሰለኝ።

«ምን አጠፋሁ ጋሽ ደምሴ?»

«ሙሉ ስም ነው የሚባለው፣ ከነአያት። ደግሞ ‹ምን አጠፋሁ› የሚል ሰው አንድ ያጠፋው ነገር አለ ማለት ነው። ከየት መጣህ?»

«ከሾላ።»

ጎማው ደገመኝ። «ከሾላ ካልክ ሌባ ነው ይሉሃል። ከየካ በል! ሾላ የካ አይደለም እንዴ? ዓይንህን ወዴት ነው የምትሰደው? እኔን እይ! እጅህን ምን ያወዛውዘዋል?»

እንዲህ እያለ ጭኔን፣ ክንዴን፣ አንዳንዴም በመዳፉ ጉንጬን ይለኛል። የግቢው ባለቤት እማማ በላይነሽ ከጓዳ ወጥታ «ኧረ ልጁን ገደልከው፣ አንተ ሰውዬ!» ብላ ጮኸች።

«እያስቀጠርኩት ነው!» አላት ዞር ሳይል።

በየቀኑ እንዲህ ሆነ። ሾላ ውዬ ተረግጬ እመጣለሁ፣ እዚህ ደግሞ ቆሜ እገረፋለሁ። ጭኔ ላይ ያለው ሰንበር እንደ ሻሽ ጥለት ተሰመረ። ግን ይሠራል እላችኋለሁ። አገጬ ቀና አለ። ስሜ ከነአያቴ እንደ ጥይት ይወጣል። ጋሽ ደምሴ ደስ ሲለው ጎማውን አስቀምጦ በሶ በጥብጦ ያጠጣኛል፤ «በሶ ድምፅ ያወፍራል» ይላል።

አንድ ምሽት ላይ «ይህን ሥራ ለምን ፈለግህ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ዱላ ሰልችቶኝ» አልኩት።

እጁ ከነጎማው አየር ላይ ቀረ። ትንሽ አየኝ፤ ከዚያ እጁን ቀስ ብሎ ጭኑ ላይ አሳረፈው።

«እሱን አትበል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እውነት ነው፤ ግን አትበል። ‹ሥራ ስለምወድ› በል።»

ረቡዕ ማታ ኮቱን አወጣልኝ። ከሰልባጅ የገዛው ቡናማ ኮት ነው፤ ከወታደር ልብስ ሌላ ያለው ልብስ እሱ ብቻ ነበር። እጅጌው ትንሽ ያጥራል። አልብሶኝ ከኋላ ከፊት አየና ኮሌታዬን እያቃና፣ «አንድ ቁልፍ ቢጎድል፣ አንድ ጠብታ ቢያርፍበት፣ ወደዚህ ግቢ አትመለስ» አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ኮቱን ገልብጬ ክንዴ ላይ አድርጌ በእግሬ ወጣሁ። የጥቅምት ብርድ ነበር። ከመገናኛ ወደ ቦሌ የሚወስደው ያሁኑ ሰፊ መንገድ ያን ጊዜ የለም፤ ገርጂን ወደ ግራ ትቼ ሜዳ ለሜዳ ነው የሄድኩት። አደይ አበባ ደርቆ ገብሱ ወርቅ መስሏል። ጤዛው ሱሪዬን እስከ ጉልበት አራሰው። አውሮፕላን ሆዱ እስኪታይ ዝቅ ብሎ ባናቴ ላይ አለፈ፤ ከሥሩ ላሞቹ ቀና እንኳ ሳይሉ ይግጣሉ። እነሱን አየሁና «የለመደ እንዲህ ነው፣ አይደነግጥም» አልኩ በሆዴ። ስሜን ከነአያቴ እየደጋገምኩ ሄድኩ።

የድርጅቱ ግቢ የብረት በር አለው፤ ከውስጥ ሰፊ አስፋልት፣ ከዳር መጋዘን። ለመጠየቅ የመጣነው ሰዎች በግንቡ ጥግ ተሰልፈናል። ሁሉም የሰው ኮት ለብሷል፤ ትከሻው ተንጠልጥሎ ወይ ተሰንጥቆ ያስታውቃል። መሐላቸው ማንን ባይ ጥሩ ነው? ወልዴ። ሱፍ ኮት ለብሶ ሊፈነዳ ደርሷል። ፀጉሩን ቫዝሊን ቀብቶ ወደ ጎን አስተኝቶታል።

«አንተም መጣህ፣ ግመል?»

«እትዬ ብርቄ ነግራኝ።»

«እኔንም እሷ ናት። ‹ለማንም እንዳትተነፍስ› ብላ።»

ዞር ብለን ብናይ ከሾላ ያልመጣ ሰው ጥቂት ነው። ለሁላችንም ነግራናለች፣ ሁላችንንም አትተንፍሱ ብላናለች። ወልዴ ሳቅ አለ፤ ግን እጁን በሱሪው ላይ ያሻሻል። ላብ ነው። ያ ሰው ላብ አለው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

«ምን ብለው ነው የሚጠይቁት?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ስምህን ከነአያትህ ተናገር።»

«የአያቴን ስም አላውቀውም።»

«አንድ ፈልግለታ!»

«ባለቤቴ ናት ሂድ ያለችኝ» አለ እንደገና፣ እኔን ሳያይ። «ልትወልድ ነው። ግንባርህ ተሰንጥቆ እየመጣህ ልጁን አታስደነግጥብኝ ትላለች።»

ሰው አንድ ባንድ እየተጠራ ይገባል። መጀመሪያ የገባው ቀጭን፣ ሸክም ነክቶ የማያውቅ የሚመስል ልጅ ሳቅ እያለ ወጣ። ሌላ ተጠራ። ከዚያ የኔ ስም ሊደርስ ነው ብዬ ኮቴን ሳቃና የብረቱ በር እየተንጓጓ ተከፈተ፤ ሸራ የለበሰ አይሱዙ መኪና ቀስ እያለ ገባ።

እስካሁን ሳስበው እኔ አልሮጥኩም፤ እግሬ ነው የሮጠው። የሞተሩ ድምፅ፣ የናፍጣው ሽታ፣ የሸራው መርገብገብ ... ከሾላ የመጣን በሙሉ ከግንቡ ተነቅለን ወጣን። ሁላችንም ኮታችንን እያውለበለብን ወደ መኪናው። አንዱን በክርኔ ብዬው አለፍኩ። አንዱ ጠልፎኝ ዘለልኩት። ጋሽ ደምሴ ያቀናው ገላዬ እንደ ቀስት ነበር። መዳፌ የመኪናውን ጎን ሲመታ ግቢው በሙሉ ጮኸ።

«ነካሁ!»

ወልዴን ቀደምኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነካሁ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም፤ ግን የቆየው አንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ኮሌታዬ ተያዘ፣ ተሳብኩ፣ ከዚያ ሰማዩ ነጭ ሆነ። አፌ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ደረቅ ባቄላ ሲንከባለል ተሰማኝ። ጥርሴ ነው። የኮቱ ቁልፎች አስፋልቱ ላይ ሲዘሉ አየሁ፤ እነሱን ሳይ ነው መሰለኝ ያበድኩት። እኔ፣ እጄ ሰው ላይ ሲያርፍ ሆዴ የሚገለበጠው ሰውዬ፣ የወልዴን ሁለት ጆሮ ጨብጬ በራሴ ግንባር አፍንጫው ላይ ወረድኩበት። ሲሰበር ሰማሁት። ደገምኩት። ሆዴም አልተገለበጠ።

ሌላውም እርስ በርሱ ተያይዟል። አንዱ አንዱን መሬት ጥሎ ጉልበቱን አንገቱ ላይ አድርጓል። አንዱ የመኪናው ጎማ ሥር ሊገባ ሲል ሹፌሩ እየጮኸ ፍሬን ያዘ። ዘበኞች ቆመጥ ይዘው መጡና ያገኙትን ሁሉ ወገቡን፣ ትከሻውን እያሉ ለያዩን። ግቢው ጸጥ ሲል ከደረጃው ላይ አንድ አጭር አዛውንት ቆሟል፤ ሹራብ ለብሶ እስክሪብቶ ኪሱ ላይ የሰካ። ኃላፊው እሱ ነበር።

«ምንድን ነው? ምን ተሰረቀ?» አለ ግራ ገብቶት።

እኔን የጠየቀኝ መሰለኝ። ተረከዜን ገጥሜ፣ አገጬን ቀና አድርጌ፣ ደሜን ወደ ጎን ተፍቼ ስሜን ከነአያቴ ተናገርኩ። ቀጠልኩና፣ «ከየካ ነው የመጣሁት። መኪናውን ቀድሜ የነካሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

«ነካሁ ማለት?»

አስረዳሁት። ጥርስ በሌለው አፍ እየተንተባተብኩ የሾላን ሕግ ነገርኩት። ሰውየው ሳያቋርጠኝ ሰማ። ከዚያ ሹፌሩን አየው፤ ሹፌሩም ሄዶ ሸራውን ገለጠው።

መኪናው ባዶ ነበር። አንዲት ካርቶን እንኳ የለበትም።

«እዚህ መኪና የሚነካ ሰው የለም» አለ ሽማግሌው ቀስ ብሎ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ተራው የደረሰ ያወርዳል። ተራው ያልደረሰ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው።» ፊታችንን አንድ ባንድ አየ። «በሉ ሂዱ ልጆቼ። ታጠቡ። የሮጠ ሰው አልቀጥርም።»

ከበሩ ስንወጣ ያ ቀጭኑ ልጅና ሌሎች ጥቂት ያልሮጡ ሰዎች ከግንቡ ጥግ ቆመው ነበር። ሸክም የሚያውቀው በሙሉ ተባረረ፣ የማያውቀው ቀረ። ሊያስቅ ይችላል፤ ያን ቀን ግን አላሳቀኝም።

ከወልዴ ጋር አብረን ተመለስን። መንገዱ አንድ ስለሆነ እንጂ ተስማምተን አይደለም። ገርጂ አካባቢ አንዲት ትንሽ ወንዝ ነበረች፤ እዚያ ቁጭ ብለን ፊታችንን ታጠብን። ውኃው ቀይ ሆኖ ሄደ።

«ባዶ ነበር እኮ» አለ ወልዴ።

«ባዶ ነበር።»

ሳቅ ጀመረ። አፍንጫው ሲያመው ይዞት ያቃስታል፣ ደግሞ ይስቃል። እኔም ከንፈሬ እየተሰነጠቀ ሳቅሁ። ወልዴ ፊቱን በእጅጌው ጠረገና፣ «ተራው ያልደረሰ ሻይ ይጠጣል አለ አይደል?» አለኝ።

«አዎ።»

«ሌላው መኪናውን እያራገፈ? ዝም ብሎ ተቀምጦ?»

«እንደዚያ ነው ያለው።»

«ተራውን አይሰርቁትም?»

«እንጃ።»

ድንጋይ አንሥቶ ውኃው ላይ ወረወረ። «ሾላስ ቢሆን?»

«ሾላ ማንን ይሰማል ወልዴ?»

«እኔን ይሰማሉ» አለ። እንደ ዛቻ አልነበረም፤ የደከመው ሰው አነጋገር ነበር።

ግቢያችን ስደርስ ጋሽ ደምሴ በር ላይ ነው። መጀመሪያ ኮቱን አየ፣ ከዚያ አፌን። ከመነዳሪው ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ወደሱ ይሄዳል ብዬ ጠበቅሁ።

«ጠየቁህ?»

«አልጠየቁኝም።»

«ስምህንስ?»

«እሱን ተናገርኩ።»

«ከነአያትህ?»

«ከነአያቴ።»

ራሱን ነቀነቀ። ኮቱን ከትከሻዬ አወለቀና ሳፋ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ሞልቶ ነከረው። «ደም በሞቀ ውኃ አይታጠብም፤ ጨርቁን ይነክሳል» አለኝ፣ ጨው እየነሰነሰ። ይህን ከየት እንደተማረው አልጠየቅሁትም። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ሲያሽ ጀርባውን አየሁት፤ እማማ በላይነሽም ወጥታ ሳሙናውን አቀበለችው።

በሚቀጥለው ሰኞ ወልዴ ሾላ ላይ የድንች ጆንያ ላይ ወጥቶ ቆመ። አፍንጫው አብጦ ዓይኑን ከድኖታል። «ከዛሬ ጀምሮ መኪና የሚነካ የለም። ተራ ነው። እዚህ ግድግዳ ጥግ በተቀመጣችሁበት ተራ ታወርዳላችሁ» አለ።

«ኧረ ባክህ! መቼ መነኮስክ?» አለው አንዱ። ገበያው ሳቀ።

መኪና መጣ። ያ የሳቀው ሰው ሮጠ፣ ነካ። ወልዴ ከጆንያው ወርዶ ኮሌታውን ይዞ ግንባሩን ሰጠው። ሰውየው ወደቀ። ሌላ መኪና መጣ፣ ሌላ ሰው ሮጠ። እሱም ወደቀ። በዚያ ሰሞን ሾላ ላይ የፈሰሰው ደም ቀድሞ በዓመት ከፈሰሰው ይበልጣል ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። አንድ ረጅም ሰው የጉንጩ አጥንት ተሰብሮ ገብቶ ወዳገሩ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ አላየነውም። ወልዴንም በመንጠቆ ትከሻውን ቀደዱት፤ በፋሻ ታስሮ መጥቶ እዚያው ቆመ። እኔ ሰው አልመታሁም። የኔ ሥራ ማን ከማን ቀጥሎ እንደተቀመጠ መያዝ ነበር። «ቀጥሎ አህመድ፣ ከሱ ጋር ቶሎሳ» እያልኩ እጠራለሁ። ሰው እሺ የሚለኝ ግን ድምፄን ፈርቶ አይደለም፤ ከኋላዬ የቆመውን አይቶ ነው።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ኅዳር መጨረሻ ይመስለኛል፣ ሙሉ ሽንኩርት የጫነ መኪና ከመገናኛ በኩል ታጥፎ ገባ። ማንም አልተነሣም። በግድግዳው ጥግ ፀሐይ እየሞቅን ተቀምጠናል፤ አንዲት ሻይ የምትሸጥ ልጅ በማንቆርቆሪያ ይዛ ትዞራለች። ሹፌሩ ቆሞ ጥሩምባ ነፋ። ደገመ። አንገቱን በመስኮት አወጣና «ምነው፣ ሰው የለም እንዴ እዚህ አገር?» ብሎ ጮኸ። ተራው የደረሰው አህመድ ሻዩን ጨልጦ፣ ብርጭቆውን መልሶ፣ ሱሪውን አራግፎ ተነሣ። እኔም ሻዬን ጠጣሁ። የተነቀለው ጥርሴ ቦታ ትኩሱ ሲነካው ያቃጥል ነበር፤ ግን ቀስ እያልኩ ሁሉንም ጠጣሁት።

የቦሌውን ሥራ አላገኘሁም። ልጆቼ እስኪጦሩኝ ድረስ ሾላ ሠርቼ ያሳደግኋቸው በተራ ነው። ሰዎች ሥርዓት በመመካከር ይመጣል ሲሉ እሰማለሁ። እውነታቸውን ነው፤ እኛም ወንዝ ዳር ተመካክረናል። ሰዎች ደግሞ ሥርዓት በዱላ ነው ሲሉም እሰማለሁ። እነዚህን እውነታችሁን ነው ማለት አልፈልግም፤ ውሸታችሁን ነው ማለት ደግሞ አልችልም። ይህን ስንት ዓመት አስቤው መፍትሔ አላገኘሁለትም፤ ምናልባት የተማረ ሰው ያገኝለት ይሆናል።

ወልዴ ዛሬ ቡልቡላ ነው፣ ያን ጊዜ በሆድ ከነበረችው ልጁ ጋር፣ ኮንዶሚኒየም። አርብ ከጁምዓ መልስ እሄድና ከሕንፃው ሥር ወንበር ዘርግተን እንቀመጣለን። ጆሮው ደክሟል፤ ብዙ አናወራም። ባለፈው አርብ የሕንፃው ሕፃናት አንዲት ብስክሌት ላይ ተረባረቡ፤ አንዱ መሪውን፣ አንዱ ኮርቻውን ይዞ ይጓተታሉ፣ ይጯጯሃሉ። ወልዴ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ «ተራ!» አለ። ለቀቁት። ተሰለፉ። ይወዱታል፤ ሲቆጣ እንኳ አይተውት አያውቁም። ከመጨረሻው ያለችው ትንሿ ልጅ መቆም ሰለቻትና መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ከኪሷ ብስኩት አውጥታ መብላት ጀመረች። ብስክሌቱን ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። ተራዋ እንደሚደርስ ታውቃለች።